የአራት ኪሎው ሶፍት፦ ከሰማይ የወረደን ብናኝ ከምድር ከወጣው መለየት (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ወጣት፣ ከበልጉ የመጀመሪያ ዶፍ በኋላ ደጅ የቆመች ቪትዝ ጣሪያ ላይ የቀረውን ውሃ በሶፍት ጠረገ። ሶፍቱን አጣጥፎ ራሱ ከገጣጠመው ጋይገር ቆጣሪ (የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያ) ሥር ሲያደርገው መሣሪያው ከወትሮው ከአራት እጥፍ በላይ ቆጠረ። ደንግጦ ለጎረቤት አሳየ፣ ጎረቤት በስልኩ ቀረጸ፣ ቀሪውን መገመት አያቅትም። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ሦስት ማብራሪያ ተገኝቶለት ነበር፦ አንዱ አገር ቦምብ ሞክሯል፣ የሆነ ቦታ ሬአክተር ፈንድቷል፣ ወይም ደግሞ ድሮ የተሞከሩት ቦምቦች ብናኝ ከላይ ከላይ ሲንሳፈፍ ኖሮ ዛሬ በዝናቡ ወረደ።

ከሦስቱ ሦስተኛው የተማረ ሰው ግምት ነው። ትክክል አልነበረም፣ ግን መነሻ አለው። የትልልቆቹ ቦምቦች ብናኝ በእርግጥ ከደመና በላይ ሲንሳፈፍ ከርሟል፤ ሰዎችም እዚያው ድረስ ወጥተው ለክተውታል። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው፦ የአንዲት ሶፍት ንባብ ከየት እንደመጣ የለየንበት መንገድ፣ በ1950ዎቹ ከምድር 20 ኪሎ ሜትር በላይ የነበረውን ለመለየት ከዋለው መንገድ ብዙም አይርቅም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርሜሉ

ነገሩን ከወሬ ያሳለፈው አንድ በርሜል ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ቡና አፍልተው የሚሸጡ እማማ አሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያው ዶፍ ሲሳይ ነው፤ አሸንዳው ሥር ያኖሩት በርሜል እስከ አፉ ሞልቶላቸዋል። ወሬው ሲደርሳቸው ሊደፉት ተነሱ። ወጣቱ «ትንሽ ይታገሱኝ እማማ» ብሎ ለእኔ ደወለ። ለዓመታት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሠራሁ፣ በሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚደወለው ለእኔ ነው።

«ጋሼ፣ ሶፍቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ላምጣልዎት?»

«እንዳታመጣው። ካለበት እንዳታነቃንቀው። የጠረግክበትን ሰዓት ብቻ ጻፍልኝ።»

«ሰዓቱ ምን ያደርጋል? የሚያስፈራው ቁጥሩ አይደል እንዴ!»

«ቁጥሩን ለብቻው ምን ላድርገው? እስክመጣ ድረስ እያነበብክ፣ ሰዓቱን ከጎኑ እየጻፍክ ጠብቀኝ።»

አታነቃንቀው ያልኩበት ምክንያት አለ። ሶፍቱ ከቱቦው አንድ ጣት ቢርቅ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቢቀርብ ይወጣል። ቁጥሩ ሲቀንስ የቀነሰው ጨረሩ ነው ወይስ እጃችን ነው የሚለውን ጥያቄ ከመጀመሪያው መዝጋት ይሻላል። እንዲህ ያለ ልኬት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን «እስቲ ልየው» እያለ ናሙናውን በሚያነሣው ሰው ነው።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

ቆጣሪው ውስጥ ያለው ከሶቭየት ዘመን የቀረ ኤስቢኤም-20 የሚባል ቱቦ ነው፤ ጋይገር በቤታቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች የሚወዱት፣ ርካሽና ጠንካራ ዕቃ። ከሦስቱ ዋና ዋና የጨረር ዓይነቶች ጋማን እና ጠንከር ያለ ቤታን ይቆጥራል። አልፋን የቱቦው ግድግዳ ስለሚያግደው አያየውም። ከሁሉ የሚብሰው ጉድለቱ ግን ማንነት አለመለየቱ ነው፦ ጨረሩ ከሲዝየም ይምጣ ከቢስመዝ፣ ለእሱ ያው አንድ «ጠቅ» ነው።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ባዶው ንባብ ራሱ ከፍ ያለ ነው። ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር እዚህ ከባሕር ወለሉ ከእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «ጤናማው ንባብ ይህን ያህል ነው» ተብሎ ከተጻፈ ቁጥር ጋር ማስተያየት ዋጋ የለውም። የሚነጻጸረው እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሶፍቱ ሳይኖር ከተነበበው ጋር ነው። ደግነቱ ልጁ ጠንቃቃ ነው። በወትሮው ቀን መሣሪያው በደቂቃ 35 ገደማ እንደሚቆጥር ደብተሩ ላይ ይዞታል። ሶፍቱ መጀመሪያ ሲቀመጥ 160 ገደማ አሳየ።

እኔ ስደርስ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ወጣቱ ግን እንደተባለው እየጻፈ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 100 ገደማ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 70 ገደማ። አብረን ቁጭ ብለን ስንቆጥር በሁለት ሰዓቱ 45፣ በሦስት ሰዓቱ 38 ሆነ። የወትሮውን 35 ከእያንዳንዱ ብንቀንስ ከሶፍቱ የመጣው ብቻ ይቀራል፦ 125፣ 65፣ 35፣ 10፣ 3። በየግማሽ ሰዓቱ ግማሽ በግማሽ እየሆነ ወርዷል ማለት ነው። የመጨረሻዋን 3 ከቁም ነገር አልቆጠርናትም። በአማካይ 35 የሚቆጥር መሣሪያ አንዱን ደቂቃ 29፣ ሌላውን 41 ቢል ምንም አልሆነም፤ የጨረር ቆጠራ ባሕርይው እንዲህ ነው።

«ሄደ ማለት ነው?» አለ ልጁ።

«ሄደ። አሁን ማን እንደነበር እንነጋገር።»

ማን ነበር?

መሬት ውስጥ፣ ድንጋይ ውስጥ፣ የቤታችን ግድግዳ ውስጥ ሳይቀር ጥቂት ዩራኒየም አለ። ዩራኒየም በረጅሙ የዘር ሐረጉ ራዲየምን ይወልዳል፣ ራዲየም ደግሞ ራዶን የሚባል ጋዝ። ራዶን ጋዝ ስለሆነ ከአፈሩ ሾልኮ ወደ አየር ይወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ፣ 3.8 ቀን ነው። ልጆቹ ግን ጋዝ አይደሉም፣ ብረቶች ናቸው። ፖሎኒየም-218 በ3 ደቂቃ፣ ሊድ-214 በ27 ደቂቃ፣ ቢስመዝ-214 በ20 ደቂቃ ይጋመሳሉ። እነዚህ ብረቶች እንደተወለዱ አየር ላይ ያለ ብናኝ ላይ ይለጠፋሉ። ዝናብ ሲመጣ ብናኙን ይዞ ይወርዳል። በሰፊ የመኪና ጣሪያ ላይ የተበተነውን በአንዲት ሶፍት ስትሰበስበው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይከማችልሃል።

የሊዱና የቢስመዙ ቅልቅል ተደማምሮ ሲታይ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጋመሳል። ያየነው ይህንኑ ነው። በየትኛውም አገር ዝናብ ሲዘንብ ጋይገር ይዞ የወጣ ሰው ይህን ያየዋል፤ ከዓመት ዓመት አንዱ አዲስ ሰው ያየውና ይደነግጣል።

የቦምብ ብናኝ ቢሆንስ? የኒውክሌር ፍንዳታ ብዙ መቶ ዓይነት ሬዲዮአክቲቭ አቶሞችን በአንዴ ይለቃል፤ አጭር ዕድሜ ያላቸው ቀድመው ያልቃሉ፣ ረጅሞቹ ይቀራሉ። ስለዚህ የድብልቁ አወራረድ ወጥ ግማሽ ዕድሜ የለውም፤ እያደር ይዘገያል። ለዚህ የሚጠቅም ግምታዊ ሕግ አለ፦ ከፍንዳታው የተቆጠረው ጊዜ በሰባት እጥፍ ሲያድግ የጨረሩ መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። እንበልና የሦስት ቀን ዕድሜ ያለው ብናኝ በነፋስ መጥቶ አራት ኪሎ ላይ ዘነበ። በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚቀንሰው ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው። የእኛው ከመቶ ዘጠና ሰባት ያህሉ በዚያው ጊዜ ጠፍቷል። ድሮ የተሞከረ ቦምብ ከሆነ ደግሞ የቀረው በዋናነት ስትሮንቲየም-90 እና ሲዝየም-137 ነው፤ ሁለቱም ለመጋመስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ሦስት ሰዓት ለእነሱ ምንም አይደለም። 160 ብለው ከጀመሩ ማታም 160 ናቸው፣ የዛሬ ወርም 160።

ሁለት ነገር ደግሞ አጣራን። ግቢ ውስጥ ዳስ ሥር የቆመ፣ ዝናብ ያልነካው መኪና ጣሪያ በተመሳሳይ ሶፍት ተጠረገ፤ የወትሮው ቁጥር ሆነ። ሌላ ቀን በዘነበ ጊዜም ልጁ ያንኑ ደገመው፤ ቁጥሩ ወጣ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ወረደ። ቦምብ በየዝናቡ አይፈነዳም።

እማማ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው ወደ ጉዳያቸው መለሱን።

«ልጄ፣ እኔ ይሄ ይሄ አይገባኝም። ልድፋው ወይስ ልተወው? ቁርጡን ንገረኝ።»

«ይተዉት እማማ። ማታ ሲሆን የቀረ ነገር አይኖርም። ልብስ ይጠቡበት፣ ቤት ይወልውሉበት። ለመጠጥ ግን አይሁን፤ ቆርቆሮው ላይ እርግብ ያድራል።»

«እርግቦቹንማ እኔም አውቃቸዋለሁ» አሉና ክዳኑን ገጠሙት።

እውነቴን ነው፤ በዚያ በርሜል ውስጥ ከራዶን ልጆች ይልቅ የእርግብ ኩስ ያሳስበኛል።

«ታዲያ የእውነት ከላይ ቢመጣ በምን ይታወቃል?»

ይህን የጠየቀው ልጁ ነው፤ ሰው ከተበተነ በኋላ። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ቸኩዬ አልመለስኩለትም።

የኪሎ ቶን ቦምብ (ጉልበቱ በሺህ ቶን ፈንጂ የሚለካ) ደመና በአብዛኛው ትሮፖስፌር ውስጥ፣ ማለትም ደመናና ዝናብ ባለበት ንብርብር ውስጥ ይቀራል። ዝናብ በሳምንታት ውስጥ ያወርደዋል። የካቲት 13 ቀን 1960 ፈረንሳይ አልጄሪያ ውስጥ፣ ሬጋን በሚባለው በረሃ ያፈነዳችው 70 ኪሎ ቶን ገደማ የሆነ ቦምብ ከዚህ ወገን ነው። የሜጋ ቶኑ (በሚሊዮን ቶን የሚለካው) ቦምብ ግን የዚህን ንብርብር ጣሪያ በስቶ ከላዩ ያለው ስትራቶስፌር ይገባል። መጋቢት 1 ቀን 1954 ቢኪኒ ደሴት ላይ የፈነዳው 15 ሜጋ ቶን፣ ጥቅምት 30 ቀን 1961 ሶቭየት ኅብረት የሞከረችው 50 ሜጋ ቶን የዚህ ዓይነት ናቸው። (የወሮቹ ስም በእኛ፣ ቀኖቹ ግን በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፤ ማርችን መጋቢት፣ ኦክቶበርን ጥቅምት ብዬ ነው።) በእኛ ኬክሮስ ጣሪያው 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ዝናብ የለም። ዝናብ የቤቱን ወለል እንደሚጠርግ መጥረጊያ ቢሆን፣ ስትራቶስፌር ቆጡ ነው፤ መጥረጊያው አይደርስበትም።

ታዲያ ቆጡ ላይ የወጣው ስንት ዓመት ይቆያል? በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህ ጥያቄ የሰው ሕይወት ጥያቄ ነበር። ስትሮንቲየም-90 በባሕርዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ከሣር ወደ ወተት፣ ከወተት ወደ ሕፃናት አጥንት ይገባል። የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል የነበረው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ (በካርቦን-14 የዕድሜ ልኬት በ1960 ኖቤል የተሸለመው ነው) ብናኙ ከላይ አሥር ዓመት ያህል ይቆያል ብሎ ገምቶ ነበር። አሥር ዓመት ከቆየ የተወሰነው እዚያው ይሞታል፣ የተቀረውም በመላው ዓለም ላይ እኩል ይበተናል። የሚያጽናና ግምት ነው። ችግሩ ማንም ወጥቶ አለመለካቱ ነበር።

ልኬቱ በባሉን ተጀመረ። ከ1956 ጀምሮ «አሽ ካን» በተባለው ፕሮጀክት፣ ማጣሪያና ነፊ ማሽን የተሸከሙ ግዙፍ ባሉኖች ከሚኒያፖሊስ፣ ከቴክሳስ፣ ከፓናማ እና ከሳኦ ፓውሎ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጡ። ባሉኖቹን የሚሠራው ጄኔራል ሚልስ መሆኑን ስነግረው ልጁ አላመነኝም፤ አዎ፣ ያው የቁርስ እህል አምራቹ ኩባንያ፣ በዚያን ዘመን የባሉን ክፍል ነበረው። ሥራው ቀላል አልነበረም። 20 ኪሎ ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ ከመቶ ሰባት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ማጣሪያው ላይ የተገኘው ጨረር ስንት ኪዩቢክ ሜትር አየር እንዳለፈበት ካልታወቀ፣ ሰዓት እንደሌለው የሶፍቱ ቁጥር ነው።

በ1957 ዩ-2 የተባሉት የአሜሪካ ከፍታ በራሪ የስለላ አውሮፕላኖች ገቡበት። ባሉን ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል፤ ዩ-2 ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተወሰነ መስመር እየተመላለሰ፣ በየኬክሮሱ ማጣሪያ ወረቀቱን እየቀየረ መሰብሰብ ይችላል። ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዱ በግንቦት 1 ቀን 1960 ሶቭየት ኅብረት ላይ ተመትቶ ሲወድቅ አሜሪካኖቹ በመጀመሪያ «የአየር ሁኔታ ምርምር ላይ ነበር» አሉ። ያ ውሸት ነበር። የሚገርመው ግን ሌሎቹ ዩ-2ዎች በዚያው ዘመን እውነተኛ የከባቢ አየር ምርምር እየሠሩ ነበር፤ ሐሰቱ የተቀዳው ከእውነት ነው።

ወሳኙን መልስ የሰጠው ግን ታንግስተን-185 ነው፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ይጥመኛል። በ1958 በፓስፊክ ደሴቶች ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ይህን አቶም ለቀቁ። ግማሽ ዕድሜው 75 ቀን ነው፣ ከሌሎቹ ሙከራዎች አልወጣም። ስለዚህ የትም ቢገኝ የትውልድ ቦታውና የልደት ቀኑ ይታወቃል። ሌላው ብናኝ ከየትኛው አገር ቦምብ፣ በየትኛው ዓመት እንደመጣ የተደባለቀ ነው፤ ታንግስተኑ ግን መታወቂያውን ይዞ ይዞራል። አውሮፕላኖቹ ተከተሉት። ከምድር ወገብ በላይ ያለው ክምችት እዚያው ከፍታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ፣ የተቀረው ወደ ጎን፣ ወደ ዋልታዎቹ አቅጣጫ ዝቅ እያለ ሲንሸራተት ታየ። የስትሮንቲየሙ ልኬትም ሲታከልበት አሥር ዓመት የተባለው ወደ አንድና ሁለት ዓመት ገደማ ወረደ። ብናኙም እኩል አልተበተነም። በብዛት የወረደው በመካከለኛው የሰሜን ኬክሮስ፣ በተለይ በ40 እና በ50 ዲግሪ መካከል፣ ያውም በጸደይ ወራት ነው። አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካና ጃፓን ያሉት እዚያው አካባቢ ነው። የሚያጽናናው ግምት ሁለት ጊዜ ወደቀ፦ ብናኙ ሳይሞት ነው የሚወርደው፣ የሚወርደውም ሕዝብ ላይ ነው።

አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በሞቃታማው ቀበቶ ላይ ያለው የስትራቶስፌር አየር ቀስ እያለ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ የሚወርደው ራቅ ብሎ፣ በመካከለኛውና በዋልታው ኬክሮስ ነው። «ከላይ ሲንሳፈፍ ኖሮ ዛሬ በላያችን ወረደ» የሚለው ግምት በቅድሚያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር ላይ መሞከርን የሚከለክለውን ስምምነት ሞስኮ ላይ የፈረሙት በ1963 ነው፤ የመጨረሻውን የአየር ላይ ሙከራ ቻይና ያደረገችው በ1980 ነው። አንድና ሁለት ዓመት የሚቆይ ነገር ከዚያ ወዲህ ቆጡ ላይ ይቀራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሁሉም ከቦምብ አልመጣም። በ1964 ወደ ምሕዋር ሳይገባ የቀረ አንድ የአሜሪካ ሳተላይት፣ ለኃይል ምንጭ የያዘው አንድ ኪሎ ገደማ ፕሉቶኒየም-238 ከህንድ ውቅያኖስ በላይ ተቃጥሎ ተበተነ፤ ከወራት በኋላ በባሉን ማጣሪያዎች ላይ ተገኝቷል። ይህንን ደግሞ የልጁ ጋይገር ቢፈልግም አያየውም፤ ፕሉቶኒየም-238 የሚለቀው በዋናነት አልፋ ነው።

«ስለዚህ ከላይ የመጣ ነገር እዚህ በፍጹም አይገኝም?» አለኝ።

ይገኛል። በየቀኑ ይወርዳል፤ ቤሪሊየም-7 ይባላል። የጠፈር ጨረር የናይትሮጅንና የኦክስጅን አቶሞችን ሲሰባብር ይፈጠራል፣ አብዛኛውም የሚፈጠረው ስትራቶስፌር ውስጥ ነው። ግማሽ ዕድሜው 53 ቀን ነው። እሱም ብናኝ ላይ ተለጥፎ፣ በዝናብ ታጥቦ ይመጣል፤ የከባቢ አየር ተመራማሪዎች ከላይ የወረደ አየር መኖሩን የሚያውቁበት የተፈጥሮ ምልክት ነው። ያችው ሶፍት ላይም ጥቂት ነበረ ብል አልሳሳትም። ግን መጠኑ ትንሽ፣ ጋማውም 478 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ የምትታይ አንዲት መስመር ናት፤ ጉልበት የሚለይ ስፔክትሮሜትር ከሌለ ከወትሮው ቁጥር ውስጥ አትወጣም። የሲዝየም-137 መስመር 662 ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ተፈጥሮንና ቦምብን በአንድ ሥዕል ላይ ይለያል። የእኛ ልኬት እስከዚህ አይደርስም፤ ሶፍቱን ያናወጠው የራዶን ዘር መሆኑን አሳይቷል፣ ከሥሩ ተደብቆ ሊኖር ስለሚችል ጥቃቅን ነገር ግን ምስክርነት አይሰጥም።

ለዚያ የሚሆነው መሣሪያ ምን እንደሚመስል የኒውክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚያግደው የ1996 ስምምነት ይነግረናል። ጣቢያዎቹ በሰዓት ቢያንስ 500 ኪዩቢክ ሜትር አየር በማጣሪያ ላይ ያሳልፋሉ፣ ለ24 ሰዓት። ቀጥሎ ማጣሪያው ወዲያው አይለካም፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዲሁ ይቀመጣል። የሚጠበቀው የራዶንና የቶሮን (ከቶሪየም የሚወለድ የራዶን ዘመድ) ዘሮች እስኪሞቱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቀን ያህል ስፔክትሮሜትር ላይ የሚውለው። ልጁ ይህን ስነግረው ደብተሩን ገልጦ የራሱን የሦስት ሰዓት ዝርዝር አየና ሳቀ።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን ፈርማ አጽድቃለች። በስምምነቱ የጣቢያዎች ዝርዝር ላይ ስሟ ሁለት ቦታ ይገኛል፦ ለመሬት ንዝረት ፉሪ፣ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ያለው ተራራ፤ ለአየር ወለድ ሬዲዮአክቲቭ ብናኝ ደግሞ በሶማሌ ክልል ያለችው ፊልቱ። ልጁ አሁን የሚያፈላልገው የጋማን ጉልበት ለመለየት የሚያገለግል አሮጌ ሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ነው፤ ከሆስፒታል ወይም ከማዕድን ፍለጋ ሥራ የወጣ ያገለገለ ቢገኝ ይሠራል ብዬዋለሁ። እስከዚያው ዝናብ ሲዘንብ ሶፍት፣ ሰዓት እና ደብተር ይዞ ይወጣል።